ዕድሜው ያልታመነለት ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጅቡቲ የቀረሁት በምርጫዬ ብቻ አይደለም። የልብ ሐኪሜ ደጋ አገር መኖር እንደማይስማማኝ በግልጽ ነግሮኛል፤ የተወለድሁበት አገር ደግሞ ከደጋም ደጋ ነው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታት ተከራይቼው የነበረውን የጋቦዴ ሰፈር ቤት አልለቀቅሁም። ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ በረንዳ አለው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን በንጽሕና የምትይዝልኝና ምሳ የምትሠራልኝ አንዲት የአገሬ ልጅ አለች። የምጽፈው ስለ እሷና ስለ ልጇ ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ ኃላፊነቴ ከወደቡ ተነሥቶ ወደ አገር ቤት የሚገባው ዕቃ ከሰነዱ ጋር መግጠሙን አረጋግጦ መፈረም ነበር። የፈረምሁበት ሰነድ ስሕተት ተገኝቶበት ወደ ጠረጴዛዬ የተመለሰበትን ጊዜ አላስታውስም። ይህን የማነሣው በኋላ ቃሌ ዋጋ ያጣበት ጊዜ ስለ መጣ እንጂ ለመመጻደቅ አይደለም፤ ጥቂት መመጻደቅ ካለበትም አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ልጅቷ ወደዚህ ከተማ የመጣችው ብዙዎቹ በሚመጡበት መንገድ ነው። ገና ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ አንድ ደላላ ዕድሜዋን በፓስፖርት ላይ አሳድጎ ዓረብ አገር ላካት፤ እዚያ በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ጅቡቲ ላይ ቀረች። ስለዚህ ነገር ስታወራ አታፍርም ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁለት ዕድሜ ነው ያለኝ» አለችኝ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች። «እናቴ የሰጠችኝ አለ፤ ደላላው የሰጠኝ አለ። የደላላው ይበልጣል።»

«የትኛውን ነው የምትቆጥሪው?»

«ለፖሊስ የደላላውን፣ ለባል የእናቴን!»

በዚህ ከተማ የእኛን ሰው ዕድሜ ከወረቀት የሚያነብ የለም። ወደ የመን ለመሻገር የሚያልፉት ልጆች ሃያ አምስት ዓመት የሚል ወረቀት ይዘው ጢም ያላበቀለ ፊት ያሳያሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሆነው ለመታየት ከዕድሜያቸው ይቀንሳሉ። የኬላው ፖሊስ፣ የክሊኒኩ ነርስ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሁሉ ወረቀቱን አጥፎ ይመልስና ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ ያየዋል። ክርክሩ ከበረታ የእጅ አንጓ በራጅ ይነሣና ፍርዱ ለአጥንት ይተዋል፤ አጥንትን ደላላ ሊያሳድገው አይችልም ተብሎ ይታመናልና። የመሥሪያ ቤት ሰው ስለሆንሁ ይህን ልማድ አልነቅፈውም። በአብዛኛው ትክክል ነበር።

ባሏ ከወደቡ ወደ አዲስ አበባ ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ሠራተኛ፣ ቁጥብና ቁጡ ሰው። ከከተማው ዳር ባለው ባልባላ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተው መኖር ከጀመሩ ዓመት ሳይሞላቸው አረገዘች። ሆዷ ገና ሳይገፋ ግን ባሏን የሚሠራበት ድርጅት ወደ ሌላ የአገር ውስጥ መስመር አዛወረውና ሄደ። ምጡ የመጣባት እኔ ቤት ነው። በታክሲ ወደ ማዋለጃው ወሰድኋት፤ የሕፃኑ አያት መስያቸው አስገቡኝና ልጁን በተወለደበት ቀን አየሁት።

አባትየው ተመልሶ ልጁን ያየው ዓመት ካለፈው በኋላ ነበር። የልጁ ቁመና ግን የሁለት ዓመት ተኩል ነው። መጀመሪያ ላይ ኮራ፤ ለጓደኞቹም አሳየ። ጓደኞቹ ደግሞ ማውራት ጀመሩ። ይህ ልጅ ከአንተ በፊት የነበረ ነው፤ ከዓረብ አገር ይዛው መጥታ ካርቲየ ሰባት ሰፈር አንዲት ሴት ዘንድ ደብቃ ስታሳድገው ኖራለች፤ አንተ ስትሄድላት ወለድሁ አለችህ አሉት። እሱ ሐሜቱን ለመርሳት ቢሞክርም ልጁ በየዓመቱ ይበልጥ ከዕድሜው እየቀደመ አስታወሰው። አራት ዓመት ሲሞላው የሰባት ዓመት ልጅ ያህል ነበር።

ከቁመቱ ሌላም ነገር ነበረበት። ምላሱ ለአፉ ይተልቅበታል፤ ስለዚህ ቃላቱ ይድበሰበሳሉ፤ አፉንም ገጥሞ መቀመጥ ይቸግረዋል። ቀኝ እግሩ ከግራው በጥቂቱ ይወፍራል። የአራት ዓመት ልጅ እንደ እሱ ቢናገር ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ የሰባት ዓመት ልጅ እንደዚያ ሲናገር የሰማ ሰው ሁሉ ግን አእምሮው ዘገምተኛ ነው ብሎ ይደመድማል። መዋዕለ ሕፃናት ልታስገባው ስትሞክር፣ ትልቅ ስለሆነ ትንንሾቹን ይጎዳል ብለው መለሷት። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ እኩያቸው መስሏቸው ኳስ ያቀብሉትና መምታት ሲያቅተው ይስቁበታል። እሱ ከሁሉም ጋር ይስቃል፤ በማን እንደሚሳቅ አያውቅም ነበር።

እኔ በዐይኔ ያየሁትን ብናገር ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ አባትየውን አንድ ጊዜ ቤቴ አስጠርቼ መሰከርሁለት። በጨዋነት አዳመጠኝ፤ አመስግኖኝም ሄደ። ብዙ ሳይቆይ እሷ መጣች።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዳይመሰክሩልኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሹፌሮቹ ምን እንዳሉት ያውቃሉ? ‹ሽማግሌው ምን አስጨንቆት ነው እንዲህ የሚሟገትላት? ማን ያውቃል፣ የራሱ ይሆናል› ብለውታል።» ከዚያ ምሬቷን በሳቅ ዋጥ አድርጋ ጨመረች። «እንግዲህ እርስዎም ወልደዋል። እንኳን ማርያም ማረችዎ!»

ብዙ ባለሥልጣናት ፊርማዬን ብቻ አይተው ጭነት ሲያሳልፉ ኖረዋል። ስለ አንድ ሕፃን የልደት ቀን የተናገርሁትን ግን የሚቀበለኝ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ በጉዳዩ አልገባሁም፤ እሷ እስክትጠራኝ ድረስ።

የጠራችኝ ባሏ የመጨረሻ ቃሉን በተናገረ ጊዜ ነው። ልጁ ራጅ ይነሣ፤ አጥንቱ አራት ካለ አፌን እዘጋለሁ፤ ሰባት ካለ ግን ወደዚህ ቤት አልመለስም አላት። እሷ ሳታመነታ ተስማማች። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። ልጁን አዲስ ሸሚዝ አልብሳ፣ ራሷም ለበዓል የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ መጣችና «ፈረንሳይኛውን ይናገሩልኝ፤ ሌላ ምንም እንዳይጨምሩ» አለችኝ። በዚህ ከተማ ሰው ዕድሜው እንዳይታወቅበት ከራጅ ሲሸሽ ነው ያየሁት፤ እንደ እሷ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ወደ ራጅ ሲቸኩል አይቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ትሑት፣ ሥራ የበዛበት። የልጁ እጅ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ራጅ ተነሣ። ጥቂት ጠብቀን ተጠራን።

«እናትየዋ ስንት ዓመቱ ነው የምትለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አራት ዓመት ከጥቂት ወር።»

ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም። «ጌታዬ፣ እርስዎ እዚህ ብዙ የኖሩ ይመስለኛል። ነገሩን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። ይህኛው ሲወለድ ግን ነበርሁ።»

ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ የአንጓውን ትንንሽ አጥንቶች በብዕሩ ጫፍ አንድ በአንድ ነካቸው። በአራት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ገና የማይታዩ አጥንቶች እዚህ ተሠርተው አልቀዋል፤ ሰባት ዓመት ነው፤ ምናልባትም አለፍ ይላል አለ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ሰባት ነው አለ።»

ፊልሙን አላየችውም። የልጁን እጅ አነሣችና አገላብጣ አየችው። «ይሄ እጅ ነው እንደዚያ ያለው?» አለች፤ ለማን እንደ ተናገረች አላወቅሁም። ልጁ የሚያጫውቱት መስሎት መዳፏን በመዳፉ መታ።

አባትየው በዚያው ሰሞን ልብሱን ሰብስቦ ከባልባላው ቤት ወጣ። ስለ ሐኪሙ ፍትሐዊ ሆኜ መናገር አለብኝ፤ ሰውየው ለተጠየቀው ጥያቄ ተገቢውን መልስ ሰጥቷል። እኛ የሄድነው የልጁን ዕድሜ ልናስፈርድ ነው። ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያድገው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እናቱ ሙግቱን ልታሸንፍ ትፈልጋለች፤ እኔም እውነት መናገሬ እንዲረጋገጥልኝ እፈልግ ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ ከእኛ አገር ሰዎች ጋር የለመደውን ሥራ ሠራ። ሦስታችንም ልጁን እንደ ሰነድ ነበር ያየነው።

ሙቀቱ በበረታበት ወራት ልጁ ትኩሳት ያዘው። ሆዱንም ያመዋል። እሷ በፎጣ እያቀዘቀዘች ቤት አስቀመጠችው።

«ሐኪም ቤት ውሰጂው እንጂ» አልኋት።

«ደግሞ ሄጄ አሥር ሞላው ልባል?»

«ዕድሜውን የሚጠይቅ ካለ እኔ ዝም እላለሁ።»

«እርስዎ? ዝም ይላሉ?» አለች፤ በልጇ ሕመም ተጨንቃም ቢሆን ቀልድ አያልቅባትም። ግን ተነሣች።

አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የልጅ ልጆቹን የምታይለትን የሕፃናት ሐኪም ጠቁሞኝ ነበርና ወደ እሷ ወሰድኋቸው። የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ከተቀመጠ በኋላ ስለ ነበር መንገዱ ጭር ብሏል፤ በመጠበቂያው ክፍልም ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ሐኪሟ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የአገሩ ተወላጅ ናት፤ ዝግ ብላ የምትናገር፣ እጇን በሽተኛ ላይ ከመጫኗ በፊት አፋትጋ የምታሞቅ። ትኩሳቱ የጉሮሮ ነው አለች፤ መድኃኒት ጻፈች። በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን ማዘዣውን ከሰጠችኝ በኋላ ልጁን አልለቀቀችውም።

ጆሮውን አጠፍ አድርጋ ከፊትም ከኋላም አየች። በጆሮው ጫፍ ላይ በጥፍር የተጫረ የሚመስል ቀጭን መስመር ነበር፤ እናቱ ታውቀዋለች፤ እኔ አይቼው አላውቅም። በሌላኛውም ጆሮ ላይ አለ። ከዚያ ሁለቱን እግሮች በሜትር ለካች። በመጨረሻ ምላሱን እንዲያወጣ በምልክት ጠየቀችው። ልጁ አፉን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ምላስህን አስገባ ሲባል ነው ያደገው።

«አውጣው አባቴ፣ ዛሬ ተፈቅዷል» አለችው እናቱ።

አወጣው። ሐኪሟ ሳትስቅ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። «እምብርቱ ሲወለድ እንዴት ነበር?»

ስተረጉምላት እናትየዋ እየተደነቀች መለሰች። አብጦ ወደ ውጭ ገፍቶ እንደ ነበር፤ ጎረቤቶቿ ሳንቲም አድርገው በጨርቅ እንዳሰሩለት፤ ኋላ ግን ራሱ እንደ ገባ ነገረቻት። ወዲያውም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ዕድሜውን እንዳይነግሯት» አለችኝ።

«ሲወለድ ያየው ሰው አለ?» አለች ሐኪሟ። «ወረቀት አይደለም የምጠይቀው። በዐይኑ ያየ ሰው።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አልሁ።

በአስተርጓሚነት የገባሁበት ክፍል ውስጥ ምስክር ሆንሁ። ሕፃኑ በክፍሉ ከነበሩት ሁሉ እንደሚበልጥ፣ አዋላጇም ጓደኛዋን ጠርታ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ እንዳሳየቻት፣ የምላሱ ጫፍ ከከንፈሩ ወጥቶ እንደ ነበር ነገርኋት። በማግስቱ ልጠይቃቸው ስሄድ ሕፃኑ ተንቀጥቅጦ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዷል ተብሎ ግሉኮስ ተተክሎለት አገኘሁት። ይህን ስናገር ብዕሯን አስቀመጠች።

«ስኳሩ ወርዶ ነበር?»

«በደንብ አስታውሳለሁ። ትልቅ ሕፃን እንዴት ስኳር ያንሰዋል ብዬ ነርሷን ጠይቄያት ነበር።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁት» አለች። ከዚያ የተፈራው ጥያቄ መጣ። «አሁን ስንት ዓመቱ ነው?»

ቃሌን ጠብቄ ዝም አልሁ። እናትየዋ አንዴ እኔን አንዴ ሐኪሟን ካየች በኋላ ራሷ በፈረንሳይኛ መለሰች። «አራት ዓመት ተኩል» አለች፤ አገጯን ከፍ አድርጋ፣ የሚመጣውን ልትቀበል እንደ ተዘጋጀ ሰው።

ሐኪሟ ጻፈችው። ልጁንም እንደገና አላየችውም፤ ፈገግም አላለች። ጻፈችው ብቻ።

የአንጓውን ራጅ ይዤ ነበርና ሰጠኋት። ፊልሙን አየችና የወጣቱ ሐኪም ንባብ ትክክል መሆኑን ተናገረች፤ አጥንቱ የሰባት ዓመት አጥንት ይመስላል። «ግን ይህ ልጅ ሰባት ዓመት ኖሯል ማለት አይደለም» አለች። «አጥንቱም እንደ ሌላው አካሉ ቸኩሏል ማለት ነው። ቁመቱን ለማጣራት አጥንቱን ጠየቃችሁ፤ ሁለቱን የሚያስሮጣቸው ግን አንድ ነገር ነው።»

የሕመሙን ስም ተናገረች። የውጭ አገር ሐኪሞች ስም ስለሆነ በአማርኛ ልለውጠው አልሞከርሁም፤ ለእናትየዋ ትርጉሙን ብቻ ነገርኋት። እጅግ ጥቂት ልጆች ላይ የሚታይ፣ ገና በማሕፀን ሳሉ የሚጀምር፣ አካልን ከልክ በላይ የሚያሳድግ ሕመም ነው። ትልቁ ምላስ፣ የጆሮው መስመር፣ ያበጠው እምብርት፣ የወረደው ስኳር፣ የወፈረው እግር፣ እያንዳንዱ ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ አንድ ልጅ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ይናገራሉ። ደሙ ወደ ውጭ ተልኮ ይመረመራል፤ ሐኪሟ ግን ውጤቱን ሳትጠብቅ ሥራዋን ትጀምራለች።

«አእምሮውስ?» አለች እናቱ።

«አእምሮው ደኅና ነው። የሚያደናቅፈው ምላሱ ነው። ሲያድግ ይሻለዋል፤ ካልተሻለው ይታከማል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው?»

«አይደለም። የማንም አይደለም።»

ከዚህ በኋላ ሐኪሟ ዋናውን ነገር ተናገረች። እንዲህ ያሉ ልጆች በኩላሊትና በጉበት ላይ ዕጢ ሊያበቅሉ ይችላሉ፤ አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ በየሦስት ወሩ በአልትራሳውንድ መታየት አለባቸው። የእሱ አራት ዓመት ተኩል ያለ አንድም ምርመራ አልፏል። ሰባት ዓመቱ ነው ብሎ ያመነ ሐኪም ቁመቱን አይቶ ደኅና ነው ይለዋል፤ ሆዱን የሚያይበት ምክንያትም አይኖረውም።

ወደ ኮሪደሩ ስንወጣ እናትየዋ ክንዴን ያዘች። ፊቷ በርቶ ነበር። «አራት ነው አለች አይደል? ራሷ በአፏ?»

«ጻፈችው።»

«ጻፈችው!» አለች ደግማ። ስለ ኩላሊቱ የነገርኋትን ጨርሶ አልሰማችም። መቀመጫ ላይ አስቀምጬ ሁለተኛውን ነገር እንደገና ነገርኋት፤ በዚህ ጊዜ ቀስ ብዬ።

አልትራሳውንዱ በግራ ኩላሊቱ ላይ አንድ ትንሽ ዕጢ አሳየ። ሐኪሟ መጠኑ ትንሽ መሆኑን ደጋግማ ነገረችን፤ በዚህ ደረጃ መገኘቱ ለልጁ ብዙ እንደሚጠቅመውም ነገረችን። ቀዶ ሕክምናውና ተከታዩ መድኃኒት አዲስ አበባ፣ የልጆች ስፔሻሊስት ባለበት ሆስፒታል እንዲሆን መከረች። ለዚህ ደግሞ አባትየው ያስፈልግ ነበር፤ አዲስ አበባ ቤተሰብ ያለው እሱ ነው፤ እኔ ከልቤ የተነሣ እዚያ ልወጣ አልችልም።

«አልለምነውም» አለች።

«አትለምኝው። ልጁ ግን የእሱም ነው።»

«እኔ ነኝ ይህን የማላውቀው?» ብላ ተቆጣች። ቁጣዋ ሲበርድ ሐሳቧን ለወጠች። «እርስዎ ይሂዱ። ግን አራት ነው ብለው እንዳይጀምሩለት። ስለ ዕድሜው ብሎ እንዳይመጣ። መምጣት ካለበት ልጁ ታሟል ተብሎ ይምጣ።»

ይህ ትእዛዝ በሥራ ዘመኔ ከተቀበልኋቸው ብዙ ትእዛዞች ይልቅ በጥንቃቄ የታሰበበት ነበር። እንዳለችው አደረግሁ።

ከባልባላ ወዲያ ተሳቢዎቹ ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ሹፌሮቹ በአንድ መኪና ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አባትየው ትንሽ ራቅ ብሎ የጎማ ብሎን ያጠብቃል። ገና ሳልደርስ አንዱ አየኝ።

«ኧረ አባትየው መጡ!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ልጁ ዛሬስ ስንት ሆነ?» አለ ሁለተኛው፣ ጉንጩ በጫት እንደ ተወጠረ። «ሦስት ገባ?»

«በዚህ አያያዙ ለመስቀል ይወለዳል!»

አባትየው አልሳቀም። ቁልፉን ሳይለቅ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ለዚያ ሙግት ከሆነ የመጡት ደክሞኛል።»

«ለሙግት አይደለም» አልሁት። «ልጁ ግራ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበታል። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ታዟል። እንድነግርህ የተላክሁት ይህን ብቻ ነው።»

አባትየው ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

«የት ናቸው?»

«ባልባላ፣ ቤታቸው።»

የማን ልጅ ነው አላለም፤ ስንት ዓመቱ ነውም አላለም። ስለ መስቀል የቀለደው ሹፌር ጫቱን ተፍቶ ተነሣና ቁልፉን ከመሬት አነሣ። «ጭነትህን እኔ አደርስልሃለሁ» አለው። «ሂድ አንተ፣ ምን ትገተራለህ?»

ከጉዞው በፊት አባትየው ሐኪሟን ማነጋገር ፈለገ። ሐኪሟ ለእኛ የነገረችንን ሁሉ ሳትሰለች ነገረችው፤ እኔ ተረጎምሁ። የጆሮውን መስመር እንድታሳየው ጠየቀ፤ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ታዲያ አራት ዓመቱ ነው?» አለ።

«አራት ተኩል» አለች ሐኪሟ።

ወደ ሚስቱ ዞረ። የሚናገረው ነገር ነበረው፤ አፉም ተከፍቶ ነበር። እሷ ቀደመችው።

«ያመንከው እሷን ነው» አለችው በዝግታ። «እኔን ያመንክ ቀን ንገረኝ።»

ሐኪሟ ምን እንደ ተባለ ለመስማት ወደ እኔ ተመለከተች። ይህን አልተረጎምሁላትም።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ኩላሊቱ ከነዕጢው ወጣ፤ ዕጢው ከኩላሊቱ አላለፈም ነበር። መድኃኒቱ ወራት ወሰደ፤ የልጁ ፀጉር ረገፈ፤ ተመልሶም በቀለ። ወደ ውጭ የተላከው ደም ውጤትም ሐኪሟ ያለችውን አጸናው። ዛሬ ሦስቱም ባልባላ አብረው ይኖራሉ። በመካከላቸው ምን እንደ ተባባሉ፣ ምን ያህሉ እንደ ተሻረና ምን ያህሉ እንደ ቀረ አላውቅም፤ እሷ አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቅም። እኔ ቤት ስትመጣ እንደ ድሮዋ ትቀልዳለች። ስለ ባሏ ግን አትቀልድም።

የሦስት ወሩ ምርመራ ቀጥሏል። አባትየው በመስመር ላይ ካልሆነ እሱ ይወስዳቸዋል፤ ለፈረንሳይኛው እኔም እሄዳለሁ፤ ምንም እንኳ አሁን ብዙም የማላስፈልግ ቢሆንም። ባለፈው ጊዜ በመመዝገቢያው መስኮት አዲስ ነርስ ነበረች። የልጁን ስም ጻፈችና ዕድሜውን ጠየቀች።

«አምስት ተኩል» አለ አባትየው፣ በሚችለው ፈረንሳይኛ።

ነርሷ ብዕሯን አንሥታ በመስኮቱ በኩል ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። ከዚያ አባቱን አየችው፤ ፈገግ አለች። «አምስት?»

«አምስት።»

«ወንድሜ፣ እኛ ፖሊስ አይደለንም» አለችው በለሆሳስ። «እውነተኛውን ቢነግሩን ለልጁ ይጠቅመዋል።»

አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ፤ ለዚህ ግን የእኔ ፈረንሳይኛ አያስፈልገውም ነበር። ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ልጁን ጭኗ ላይ አስደግፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ንገራት እንጂ» አለችው።

ወደ መስኮቱ ተመለሰና፣ «አምስት ተኩል» አለ እንደገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።